እኔ ቤት ዝምተኛ፣ ሙሉ ቤት ተጫዋች

ብርዱ ገና ሊገባ ሲል አንድ ቅዳሜ ከልጄ ከብሌን ጋር እዚህ እንግሊዝ አገር ሆሎዌይ መንገድ ላይ አውቶቡስ ፎቁ ላይ ተቀምጠናል። ድንገት፣ «ማሚ፣ ተጫዋች ማለት ምን ማለት ነው?» አለችኝ። እኔ ስልክ ሲጮህ እንኳ የምደነግጥ ሰው ነኝ፤ ልጄ ከመሬት ተነስታ አማርኛ ስትጠይቀኝማ ልቤ ነው የወረደው። «ማን አለሽ?» አልኳት። «እትዬ ሙሉ። እንግዶች መጥተው ነበር፤ ‹ይቺ ልጅ እንዴት ያለች ተጫዋች ናት!› አለቻቸው። ስልኬ ላይ ሳየው ኳስ የሚጫወት ሰው ነው የሚለው። ስድብ ነው እንዴ?» ሳቀች። «ስድብ አይደለም፣ ጥሩ ነው» አልኳት። እሷም ጥሩ መሆኑን ስትሰማ ደፈረች መሰለኝ፣ ወደ መስኮቱ ዞር ብላ፣ «ደግሞ ልነግርሽ የፈለግኩት አለ። እትዬ ሙሉ አንድ ክፍል ባዶ አላት። ለሥራዬ በእግር ነው። እዚያ ሙቭ ላደርግ ነው የማስበው። በወሩ መጨረሻ እነግርሻለሁ ብያታለሁ» አለችኝ።

ያን ቀን የት እንደወረድን አላስታውስም። የምትሠራው ዋይት ሲቲ ትልቁ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ጫማ መሸጫ ነው፤ ከኛ ቤት ሁለት ባቡር ትይዛለች፤ ነገሩ እውነት ነው፣ ይርቃል። እኔን ያቃጠለኝ ግን መንገዱም ክፍሉም አይደለም። ቃሉ ነው። ልጄ እኔ ቤት ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ያላት ቃል «እሺ»፣ «ደህና» እና «በልቻለሁ» ነው። ከሥራ ትመጣለች፣ ጫማዋን በር ላይ ታወልቃለች፣ ክፍሏ ትገባለች። ተጫዋች! የኔ ልጅ! ሰው ልጁ ዋሽንት ትነፋለች ተብሎ ከጎረቤት ሲሰማ ምን ይሰማዋል? ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም። አባቷ ከሞተ ጀምሮ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት፤ እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ። በር ሁለቴ ቆልፌ ሦስተኛ ተነስቼ አየዋለሁ። ባቡሩ ቆሞ መብራቱ ብልጭ ሲል ጸሎት እጀምራለሁ። እሷ ከሄደች እቤቴ ከግድግዳው ጋር ልቀር ነው፣ እሷም በሌላ ሴት ወጥ፣ በሌላ ሴት ሳቅ ልትኖር ነው። ያቺ ሌላ ሴት ደግሞ ሙሉ ናት። ሙሉ ከኔ ሰው ስትወስድ ይሄ ሁለተኛዋ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ስለዚህ የቃል ሥር አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ስንጠጣ አንድ የተማሩ አባት ነበሩና ጠየቅኳቸው። «ጨዋታ ከጨው የመጣ ይመስለኛል፤ ጨው ለወጥ፣ ጨዋታ ለሰው» አሉኝ። ከዚያ ደግሞ ራሳቸው፣ «እርግጠኛ ግን አይደለሁም እንግዲህ» ብለው ዳቦአቸውን ቆረሱ። ይሁን። እኔ ቃሉን ከየት እንዳገኘሁት ግን አውቃለሁ። ድሬዳዋ ነው ያገኘሁት፣ ከእትዬ ዘነቡ ላይ።

ቤታችን ከደቻቱ ማዶ ነበር፤ ደቻቱ ወንዝ ይሉታል እንጂ አሸዋ ነው፣ ውሃ የሚመጣው ሲቆጣ ብቻ ነው። ከምሳ በኋላ ከተማው በሙሉ ይተኛል። የሻይ ቤቱ ቴፕ እንኳ ዝም ይላል። ኮንጎ ጫማ አድርገሽ አስፋልት ላይ ከቆምሽ ከሥሩ ይለጠጣል። አሥር ሰዓት ሲሆን ሁሉም ደጁን ውሃ ይረጫል፣ ያ የረጠበ አቧራ ሽታ ይነሳል፣ ያን ጊዜ ሰው ይወለዳል። ሳምቡሳ ባምስት ሳንቲም፣ ሐሉዋ በጋዜጣ ተጠቅልሎ በስሙኒ። ሴቶቹ ድሪያቸውን፣ ያንን ሰፊ ስስ ቀሚስ፣ አንጠልጥለው፣ ናይለን ሻሻቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው፣ ጋሪው ላይ ሦስት አራት ሆነው ይወጣሉ። ሐሉዋ እዚህም አለ፣ ሆሎዌይ ላይ የቱርኩ ሱቅ ይሸጠዋል፣ በጥሩ ካርቶን ነው፤ ገዝቼ ቀመስኩት፣ ጣፈጠኝ፣ ግን ጣቴ ላይ ቀለም አልቀረም። የዚያኛው የጋዜጣው ቀለም እጃችን ላይ ይታተም ነበር፤ ማን ሐሉዋ እንደበላ እናቶቻችን በጣታችን ያውቃሉ።

እትዬ ዘነቡ ከባቡር የሚወርድ ጨርቅ ትነግድ ነበር። ከጂቡቲ ከፊናንሱ፣ ከኮንትሮባንድ ጠባቂው፣ ተደብቆ የሚመጣ፣ አበባ አበባ ያለው። ወፍራም፣ ጠይም፣ አንድ የወርቅ ጥርስ ያላት ሴት ናት። ተጫዋች ትባል ነበር፣ ግን ዛሬ ሰው እንደሚለው አይደለም። ዛሬ ሰርግ ላይ ያሳቀን ሁሉ ተጫዋች ነው። እኛ ሰፈር ሰርግ ላይ እሷን የሚፈልጋት አልነበረም፤ ሰርግ ላይማ ሁሉም ይስቃል። እሷ የምትፈለገው ለቅሶ ቤት ነው። ሰው ሞቶ ድንኳን ተተክሎ፣ ሁለት ቀን ተለቅሶ፣ በሦስተኛው ቀን ሐዘንተኛዋ አልበላ አልናገር ስትል ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ይተያዩና፣ «ዘነቡን ጥሯት» ይላሉ። ትመጣለች። አታለቅስም፣ አትመክርም፣ «እግዜር ያጽናሽ» ብላ አጠገቧ ዘፍ ትልና ስለ ራሷ ማውራት ትጀምራለች። ስለ ራሷ ውርደት። እንዴት እንደወደቀች፣ እንዴት እንደተያዘች፣ ባሏ እንዴት ጥሏት እንደሄደና ድስቷን ይዞ እንደሄደ። ሐዘንተኛዋ መጀመሪያ አትሰማም። ከዚያ ትሰማለች። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ ትይዛለች። ከሳቀች በኋላ ትበላለች። ተጫዋች ማለት ለኛ እሷ ነበረች፤ የሚያለቅስን ሰው አፍ የምታስከፍት። ለመሳቅ አይደለም፣ ለመጉረስ።

ጊዜው ግርግር ነበር። የእናቴ ወንድም የሞተ ያኔ ነው፤ እንዴት እንደሞተ አሁን አላነሳውም። እናቴ ድሮም ቁጥብ ሴት ናት፣ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። በሦስተኛው ቀን አፏ ደርቆ፣ ዓይኗ ድንኳኑ ጨርቅ ላይ ተተክሎ ቀረ። ውሃ ሳቀርብላት በእጇ ጀርባ ትመልሰዋለች። ዘነቡን ጥሯት ተባለ፤ ዘነቡ ግን ወባ ይዟት ብርድ ልብስ ውስጥ ትንቀጠቀጣለች። «የእህቴን ልጅ ውሰዷት፣ ትችላለች» ብላ ላከች። ሙሉ ናት የመጣችው። የኔ እኩያ፣ የመሠረተ ትምህርት ክፍሌ ልጅ፣ የአክስቷን ድሪያ ለብሳ፣ ረዝሞባት እየጠለፋት።

እናቴ አጠገብ ዘፍ አለች፣ ልክ እንደ አክስቷ። «እማማ፣ የአክስቴን ጉድ ልንገርዎት? አክስቴ ባለፈው ባቡር ላይ ጨርቅ ሆዷ ላይ ጠቀለለች። ጠቀለለች፣ ጠቀለለች፣ አቦ መቀመጥ አቃታት! ፊናንሱ መጣ፤ አያትና፣ ‹እናቴ፣ ስንተኛ ወርሽ ነው?› ይላታል። ‹ዘጠነኛዬ ነው ልጄ።› ‹በዚህ ዕድሜሽ?› ‹የእግዜር ሥራ ነዋ!› ሰውየው አዘነና ሰው አስነስቶ አስቀመጣት፣ ውሃ ሰጣት። ድሬ ስትደርስ ልትወርድ ስትል ባቡሩ ነቅነቅ አለ፤ የጨርቁ ጫፍ ከሥሯ ሾልኮ ወጣ። እሷ ወደ ፊት ትሄዳለች፣ አበባው ከኋላዋ ይተረተራል። ፊናንሱ ጫፉን ያዘና ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹እናቴ፣ ቆሚ! ልጅሽ ልብሱን ለብሶ እየተወለደ ነው!›»

ሙሉ ይህን ስትል ተነስታ በዚያ በረዘመ ድሪያ እንደ አክስቷ ሆዷን ይዛ ድንኳኑን ዞረችው። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ የምታለቅስ መስሎን ደንግጠን ነበር። ሳቅ ነው። ጥርሷን አየሁት፤ እናቴ ጎን ላይ ያለው ጥርሷ የተሸረፈ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ከዚያ፣ «ነይ የኔ ልጅ» አለቻት ሙሉን። የኔ ልጅ። ከሙሉ እጅ ጎረሰች። እኔ የውሃውን ጆግ ይዤ ድንኳኑ በር ላይ ቆሜያለሁ። ደስ ሊለኝ ሲገባ አላለኝም። በማግስቱ እኔም ጎኗ ተቀመጥኩና ያንኑ የጨርቁን ነገር ጀመርኩላት፤ ከመጀመሪያው፣ አንድም ቃል ሳላጎድል። ባቡሩ ጋ እንኳ ሳልደርስ እጄን መታ መታ አድርጋ፣ «ተይ እልፌ፣ ይቅርብሽ። ለሁሉም አይሰጥም» አለችኝ። በክፋት አይደለም። ግን እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ፊት ቀልድ ተናግሬ አላውቅም።

ሙሉን ከዚያ ወዲህ ያገኘኋት እዚህ ነው፤ ስንትና ስንት ዘመን አልፎ፣ ካምደን ሆስፒታል ለምርመራ ደም ልሰጥ ተራ ስጠብቅ። ብሌን አብራኝ ነበረች፣ ለማስተርጎም። ከኮሪደሩ ጫፍ ሳቅ መጣ። መልኳን አይደለም ያወቅኩት፣ ሳቋን ነው። ስትደርስ፣ «አቦ! እልፌ የደቻቱዋ!» ብላ አቀፈችኝ፤ ነርሷ ተቆጣች። ተራችን እስኪደርስ ድረስ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ በወሬ ይዛዋለች፤ አንዲት ሶማሊ እናት፣ አንድ ክራንች የያዘ ሽማግሌ እንግሊዝ፣ እሷ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ ቢላዋ ገዝታ ፖሊስ እንዴት አውቶቡስ ላይ እንዳስቆማት ስትነግራቸው እንባቸውን ይጠርጋሉ። እኔ ዞር ብዬ ልጄን አየሁ። ብሌን አፏን በእጇ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የእናቴ ትከሻ ነው። «ይቺ ቆንጆ የማን ናት?» አለች ሙሉ። «የኔ ናት» አልኳት፤ ፈጥኜ፣ ዕቃ እንደተነጠቀ ሰው።

ከዚያ እሑድ በመጣ ቁጥር ብሌን ዋይት ሲቲ፣ ሙሉ ቤት ናት። እንግዲህ ያ አውቶቡስ ላይ የነገረችኝ ከዚያ የመጣ ነው። ሳምንቱን እንቅልፍ አጣሁ። እሑድ ሲሆን «እኔም እመጣለሁ» አልኳት። ብሌን ደስ አላት፣ የዋህ ናት። የሙሉ ቤት ሰባተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ ደግሞ ያጉረመርማል፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ወጣሁ። ምሳ ተበላ፤ ብሌን ስልክ ልታናግር ወደ በረንዳው ወጣች። ሙሉ ሳህን ታጥባለች፣ እኔ አደርቃለሁ። እንዴት እንደምጀምር ሳልወጥን አፌ ተከፈተ።

«ሙሉ፣ ልጄን መልሺልኝ።»

ሳቀች መጀመሪያ። «አቦ እልፌ! ሰርቄ ሻንጣ ውስጥ ያስገባኋት ነው እንዴ የሚመስልሽ?»

«አትሳቂብኝ። እናቴንም እንዲሁ ነው የወሰድሽው።»

ውሃውን ዘጋችው። «እናትሽን?»

«ድንኳኑ ውስጥ። ‹የኔ ልጅ› አለችሽ። እኔን ብላኝ አታውቅም።»

ሙሉ እጇን ፎጣ ላይ ጠረገች፣ ብዙ ጠረገች። «እኔኮ ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ፈርቼ ሽንቴ መጥቶ ነበር» አለች። «ድሪያው እንዳይወልቅብኝ ነበር የማስበው። አንቺ ምን እንደሆንሽ እንኳ አላየሁሽም፣ እግዜር ያውቃል። ቆይ፣ አንድ ነገር ግን አስታውሳለሁ። ልሄድ ስነሳ እናትሽ፣ ‹ልጄ ውሃ ይዛ ቆማ ቀረች፣ ደክሟታል፣ ተቀበሏት› አለች። እኔ ሳቋን ወሰድኩ፤ ዓይኗ ግን አንቺ ላይ ነበር።»

እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ያቺ ሴት ሥራዋ ይሄ ነው። ለቅሶ ቤት ገብታ የሚያስፈልግሽን ቃል ታውቅና አፍሽ ውስጥ ታደርገዋለች። እኔ ያን ቀን ጆጉን ማን እንደተቀበለኝ አላስታውስም። ግን ቃሏን ተቀበልኩት፣ ምን ላድርግ፤ ርቦኝ ነበር።

«ልጅቷ እኔ ጋ ምን እንደማደርግላት ልንገርሽ?» አለች ደግሞ። «ምንም። አልጠይቃትም። አንቺ ‹በላሽ? ደረስሽ? ማን ነበር? ለምን መሸሽ?› ትያታለሽ። ፖሊስ ጣቢያ እኮ ነው የምትመጣው።»

«እናት ነኝ! ካልጠየቅኩ እንዴት አውቃለሁ?»

«እናት መሆንሽን አውቃለሁ። እኔ አልወለድኩም፣ ስለዚህ አልፈራም። በነፃ ነው የምስቀው።» ይህን ስትል ግን አልሳቀችም። ብሌን ከበረንዳው ገባችና ሁለታችንን አየችን። «ምን ሆናችሁ?» ስትል ሙሉ፣ «እናትሽ ሳህኔን ልትሰብር ነበር፣ ያዝኳት!» አለች። ልጄ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። የተናደድኩትም ለዚያ ነው፤ እየቀናሁባት ታስቀኛለች።

በወሩ መጨረሻ ብሌን ሄደች። አልከለከልኳትም። ልከለክላት አስቤ ነበር፤ ደረቴን ይዤ «ታመምኩ» ልል ሁሉ አስቤ ነበር፤ ግን የእናቴ ትከሻ ትዝ ሲለኝ ቃሉ አልወጣ አለኝ። አንሶላዋን አጠፍኩላት፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ አንድ ብርድ ልብስ። ሙሉ ታናሽ ወንድሟን በመኪና ላከች። በሩ ሲዘጋ ያ ቤት ምን ያህል ድምፅ እንዳለው ያን ቀን ሰማሁ፤ ፍሪጁ ያወራል፣ ቧንቧው ያወራል፣ የላይኛው ጎረቤት ልጆች ይሮጣሉ። ሁሉም ተጫዋች ሆነው እኔ ብቻ ቀረሁ።

ሁለት እሑድ አልመጣችም። በሦስተኛው እሑድ የበሩ ደወል ጮኸ። ማን ይመጣብኛል? በቀዳዳው ሳይ ብሌን ናት። ቁልፍ አላት እኮ፤ ግን ደወለች። ከፈትኩላት። ጉንጬን ሳመችኝ። ገባችና ጫማዋን አወለቀች፤ ወደ ክፍሏ ግን አልሄደችም። ሶፋው ላይ ጫፉ ላይ ተቀመጠች፣ ጃኬቷን ጭኗ ላይ አድርጋ። እኔም ሳላስበው እጄ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ሄዶ የእንግዳውን ብርጭቆ አወረደ። ሻዩን ስቀዳ ነው የታወቀኝ። ልጄ እንግዳ ሆና መጣች።

እሷ ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተከለች፣ እኔ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። አሥር ጥያቄ አፌ ድረስ መጥቷል፤ ክፍሉ ይሞቃል ወይ፣ ማን ያበስላል፣ ከሥራ ስንት ሰዓት ትወጫለሽ፣ ለምን ከሳሽ። ዋጥኩት። ከዚያ ግን እንግዳ ዝም ሲል የኛ ሰው የሚለው አለ አይደል? ለቤት ሰው አይባልም፣ ለልጅ አይባልም፤ እንግዳ ዓይኑን መሬት ላይ ሲተክል ብቻ ነው የሚባለው። እኔም አልኩት፣ ለገዛ ልጄ፣ እያቃጠለኝ፦

«ተጫወቺ እንጂ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ምን ላጫውትሽ?»

«የፈለግሽውን።»

ሻዩን አንዴ ፉት አለች። «እሺ... ሐሙስ ዕለት አንዲት ሴትዮ መጣች፣ እግሯ ትልቅ ነው፣ ትንሽ ጫማ ትፈልጋለች። ማሚ፣ አስገባችው! እንዴት እንዳስገባችው እኔንጃ። ማውጣት ግን አልቻልንም። ማናጀሬ አንድ እግሯን፣ እኔ ወገቧን ይዤ...» ብላ ተነሳች። በካልሲዋ ሳሎኔ መሃል ቆማ፣ አንድ እግሯን አንስታ፣ ሴትዮዋንም ማናጀሯንም ራሷንም ሆነች። በደንብ ነው የምትችልበት። ከማን እንዳመጣችው አላውቅም፣ ከኔ አይደለም፤ ልጄ መሆኗን ግን አውቃለሁ። ስስቅ ነጠላ ስላልነበረኝ የጠረጴዛውን ጨርቅ ነው አፌ ላይ የያዝኩት። ከዚያ ሌላ አወራችኝ፤ ከዚያ ሌላ። አባቷን አነሳች፣ በራሷ፣ እኔ ሳልጠይቃት፤ ጫማ ሲገዛላት ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ትልቅ ይገዛላት እንደነበር፣ «ታድጊበታለሽ» እያለ። አሥር ዓመት ሙሉ ስሙን ከአፏ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እኔ ሻይ ከመጨመር ሌላ ምንም አላደረግኩም።

መሸት ሲል ስልኳ ጮኸ። ከሩቅ ተሰማኝ፣ ድምፅዋ አይደበቅም፤ ሙሉ ናት። «የት ጠፋሽ አቦ! ራቱ ቀዘቀዘ!» ትላለች። ብሌን ስልኩን ትከሻዋ ላይ አጣብቃ ብርጭቆዋን ወደኔ ገፋች፣ እንድቀዳላት። «እናቴ ጋ ነኝ» አለቻት። «እየተጫወትን ነው። አትጠብቂኝ፣ አንቺ ብዪ።»

ቀዳሁላት፣ እስከ አፉ። ሰባተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ሴት ስልኳን ዘግታ ብቻዋን ራት ልታቀርብ ነው። ማዘን ነበረብኝ። አላዘንኩም። አንድ ቀን እንኳ እስቲ እሷ ትቅና።